የከብት የደም ጥገኛ ተሕዋስያን መጠን፦ ለላስታ ደጋ ምን ይነግረናል?



ዛሬ የምንመለከተው በከብት ደም ውስጥ የሚገኙ ጥገኛ ተሕዋስያንን የመጠን ልዩነት ነው። መለኪያችን ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

የከብት ቀይ የደም ሕዋስ ከ5 እስከ 6 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። በውስጡ ከሚኖሩት መካከል ባቤዥያ ቦቪስ 2 ማይክሮሜትር ያህል ስትሆን፣ ባቤዥያ ባይጀሚና ከ4 እስከ 5 ትደርሳለች። በገዳይነት ግን የምትበልጠው ትንሿ ናት፤ የያዘቻቸው ሕዋሳት በአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እየተጣበቁ መተላለፊያውን ይዘጋሉና።

ትሪፓኖሶማዎች ደግሞ ከሕዋሱ ውጭ ይዋኛሉ። ገንዲን ከሚያስከትሉት መካከል ኮንጎሌንሴ በአብዛኛው ከ20 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ ቪቫክስ ከ20 እስከ 27 ይደርሳል። ቴይለሪ ከ60 እስከ 70፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ሆኖም ግዙፉ ቴይለሪ ከብቱን የሚያሳምመው ከስንት አንዴ ነው።

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቆላ ዝንብ የምንላት ጸጸ በሀገራችን የምትኖረው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ዝቅተኛ ሸለቆዎች በመሆኑ የላስታ ደጋ ከእርሷ ነጻ ነው። ቪቫክስ ግን ጸጸ በሌለችበትም በተናካሽ ዝንቦች አፍ ከከብት ወደ ከብት ይተላለፋል። ስለዚህ ከቆላ የተገዛ በሬ ወደ ደጋ ሲወጣ በሽታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ በእርሻ ወቅት አንድ የከሳ በሬ ወደ ክሊኒክ መጣ እንበል። በደሙ ውስጥ ትሪፓኖሶማ ታየ። ባለሙያው ሳይለካ «ገንዲ ነው» ብሎ ዲሚናዚን ቢወጋው፣ የታየውም ቴይለሪ ቢሆን፣ ገበሬው ገንዘቡን ያጣል፤ እውነተኛው መንስኤ፣ ምናልባትም የጉበት ትል፣ ሳይታከም ይቀራል፤ መድኃኒትን ያለ ቦታው መጠቀምም ለመድኃኒት መላመድ በር ይከፍታል። ከጥማዱ አንዱ ሲወድቅ ደግሞ ማሳው ጾሙን ያድራል።

ይሁን እንጂ ርዝመት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ብሩሴይ በአንድ እንስሳ ደም ውስጥ እንኳ አጭርና ወፍራም፣ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይታያል። በመሆኑም ከርዝመቱ ጋር የኋላ ጫፉን ቅርጽ፣ የኪኔቶፕላስቱን ቦታና የእንቅስቃሴውን ፍጥነት አብራችሁ መዝግቡ። የበሬው ዕጣ በእናንተ የማይክሮስኮፕ ንባብ ላይ ይወሰናልና ለክታችሁ ፍረዱ።