«ጥቂት እንቆይ»፦ የጊዜ ተጓዦች ልመናና የታሪክ ተመራማሪ ኃላፊነት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የምናገረው ስለ አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በመሆኑ፣ ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለሳሎን ቤት የሚስማማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ድራማው ከስድሳ ዓመታት በላይ ሲያነሣው የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ወደ ኃላፊ ዘመን የገባ ሰው እዚያ ስንት ጊዜ ሊቆይ ይገባዋል? የሚቆየውስ ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በልብ ወለድ ውስጥ የጊዜ ተጓዦች ጥያቄ ነው፤ በእኛ ሙያ ደግሞ አሮጌ ሰነድ የሚገልጥና የአረጋውያንን ቃል የሚቀዳ ተመራማሪ ሁሉ ጥያቄ ነው።

ንግግሬ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። ድራማው ውስጥ ተጓዦቹ መሪያቸውን «ጥቂት እንቆይ» ብለው ሲለምኑ የሚያቀርቡት ምክንያት ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። መጀመሪያ ስለ ራሳቸው ለመኑ፤ ቀጥሎ ሰው ለማዳን ለመኑ፤ በመጨረሻም ለመመስከር ለመኑ። ከሦስቱ ለእኛ የተፈቀደልን የመጨረሻው ብቻ መሆኑንና እርሱም ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

«ዶክተር ሁ» የተሰኘው ይህ ድራማ በብሪታንያው ቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ከእርሱ በፊት ስለ ጊዜ ጉዞ ከተጻፉት ልቦለዶች እጅግ ዝነኛው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ያሳተመው «ዘ ታይም ማሽን» ነበር። የዌልስ ተጓዥ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል፤ ልቆይ ወይስ ልመለስ ብሎ የሚከራከረው ከራሱ ጋር ነው። የቢቢሲው ድራማ ግን በመኪናው ውስጥ መሪና ተከታዮችን አስገባ። መሪው ዶክተሩ ነው፤ ታርዲስ የምትባለውን የጊዜ መኪና የሚያሽከረክረው እርሱ ነው። አብረውት የልጅ ልጁ ሱዛንና ሁለት የትምህርት ቤት መምህራን ይጓዛሉ። ከመምህራኑ አንዱ ኢያን የሳይንስ፣ ሌላዋ ባርባራ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም፤ ድራማው ልጆችን እያዝናና እንዲያስተምር ታስቦ የተዘጋጀ ነበርና።

የመሪው ሥልጣን ከሁለት ነገሮች ይመነጫል፤ መኪናው በእጁ ነው፣ የነገሩን ፍጻሜም አስቀድሞ ያውቃል። ተከታዮቹ መኪናውን አይነዱም። ያላቸው ኃይል ልመና ብቻ ነው። ዶክተሩ ዘመኑን ሲያይ፣ እነርሱ ደግሞ በዘመኑ ውስጥ የቆመውን ሰው ያያሉ። የድራማው ክርክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ የእይታ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ልመና እ.ኤ.አ. ከኦገስት እስከ ሴፕቴምበር 1964 በታየውና ዴኒስ ስፑነር በደረሰው የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ዶክተሩ ከኢያን ጋር ተቀያይሟል። መምህራኑን ወደ አገራቸው ያደረሳቸው ስለ መሰለውም አውርዷቸው ወዲያውኑ ሊሄድ ይቸኩላል። እነርሱ ግን ከመለያየታችን በፊት አብረን ወጥተን አንድ መጠጥ እንጠጣ፣ የደረስንበትንም ቦታ እናረጋግጥ ብለው ያባብሉታል። ሽማግሌው ኩራቱ ተነክቶም ተደስቶም እሺ ይላል። ሲወጡ ያገኙት ግን የእንግሊዝን ገጠር ሳይሆን የ1794ቱን ፈረንሳይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ በሚቃጠል ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ሦስቱ ባልንጀሮቹም ጊዮቲን ወደሚጠብቃቸው የፓሪሱ የኮንሲየርዠሪ እስር ቤት ይወሰዳሉ።

እዚህ ላይ ልመናው ስለ ተጓዦቹ ስለ ራሳቸው እንጂ ስለ ፈረንሳውያን አልነበረም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። በሌላ ሰው ዘመን መቆየት ዋጋ ያስከፍላል፤ ኃላፊው ዘመን ጎብኚውን በጎብኚነቱ አይምረውም። ሮቤስፒየር ከሥልጣን ተወግዶ ጁላይ 28 ቀን 1794 ሲገደል ተጓዦቹ ከዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ነበሩ። ሆኖም አንዳች ነገር አልለወጡም። በታሪኩ መጨረሻ ለናፖሊዮን ዕጣ ፈንታውን የሚነግር ደብዳቤ ቢጽፉለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለው ይነጋገራሉ፤ መደምደሚያቸውም ምንም አይለወጥም የሚል ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ልመና ሰው የማዳን ልመና ነው። ሥሩ ከፈረንሳዩ ታሪክ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በታየውና ጆን ሉካሮቲ በጻፈው የአዝቴኮች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የታሪክ መምህርቷ ባርባራ በአዝቴኮች ዘንድ ከሞት የተመለሰ ካህን ተደርጋ ትቆጠራለች። ይህን ሥልጣን ተጠቅማ የሰው መሥዋዕትን ልታስቀር ትነሣለች፤ መሥዋዕቱ ቢቀር ስፔናውያን ሲመጡ የአዝቴኮች መልካም ጎን ይተርፋል የሚል ተስፋ ነበራት። ዶክተሩ ታሪክ አይነካም ብሎ አጥብቆ ይቃወማታል። ባርባራ አልተሳካላትም። ይሁንና አውትሎክ የተባለው የዕውቀት ካህን በእርሷ ምክንያት ሌላ መንገድ መረጠ። ዶክተሩም ሲያጽናናት፣ አንድን ሥልጣኔ ማዳን ባይቻላትም አንድ ሰው መርዳቷን ይነግራታል። አጥብቆ የከለከላት መሪ፣ በመጨረሻ ያደረገችውን በሰው ቁጥር መዘነላት። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1966 የታየው ታሪክ ደግሞ በፓሪስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1572 በፕሮቴስታንቶች ላይ የተፈጸመውን እልቂት ይዟል። ስቲቨን የተባለው ወጣት ተጓዥ አን ሻፕሌ ከምትባል አገልጋይ ልጃገረድ ጋር ይተዋወቃል። እልቂቱ ሲቃረብ ዶክተሩ ልጅቷን ወደ አክስቷ ቤት ሰድዶ፣ ስቲቨንን ይዞ ይሄዳል። ስቲቨን ለምን ጥለናት መጣን ብሎ በቁጣ ይሞግተዋል፤ ከዚያም ትቶት ይወጣል። ዶክተሩ በመኪናው ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልጨምር። ቢቢሲ በዚያ ዘመን የድራማ ቅጂዎችን ይደመስስ ስለ ነበር የአራቱም ክፍሎች ምስል አልተረፈም። የተረፈው ድምፁ ነው። ድምፁም የተረፈው በወቅቱ ድራማውን ሲመለከቱ የነበሩ ሰዎች በየቤታቸው ከቴሌቪዥናቸው ስለ ቀዱት ነው። ስለ መቆየት የሚከራከር ድራማ ራሱ የቆየው፣ የመቅጃ ቁልፍ ለመጫን ደንታ ባላቸው ተራ ሰዎች ምክንያት ነው።

የማዳን ልመና በግልጽ የተሰማው ግን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 በታየውና ጄምስ ሞራን በጻፈው የፖምፔይ ታሪክ ነው። ዶክተሩና ባልንጀራው ዶና እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው ፖምፔይ ይደርሳሉ። ዶክተሩ ፍጻሜውን ስለሚያውቅ ለመውጣት ይቸኩላል። ዶና ግን ሕዝቡን እናስጠንቅቅ ብላ ትሟገተዋለች። ከተማዋ መጥፋቷ እንደማይቀር ባወቀች ጊዜ ልመናዋን ታጠብባለች፤ ሁሉንም ባይሆን አንድ ሰው እንኳ አድን ትለዋለች። ዶክተሩም ተመልሶ ኬሲሊየስ የተባለውን ነጋዴና ቤተሰቡን ያወጣቸዋል። ከ1964 ጀምሮ አይሆንም ሲል የኖረው መሪ እዚህ ላይ ተረታ።

በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው በእርግጥም በፖምፔይ ኖሯል። ሉኪየስ ኬሲሊየስ ዩኩንደስ ባለ ባንክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1875 በቤቱ ውስጥ ከ150 በላይ የሰም ጽላቶች ተገኝተዋል። ጽላቶቹ የጨረታ ሒሳብ፣ የኪራይ ደረሰኝና የምስክሮች ስም ዝርዝር ናቸው። የመጨረሻው ጽላት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ62፣ ከተማዋን ያናወጠው ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው የምንሰማው የለም። ልብ ወለዱ ከእሳተ ገሞራው አዳነው፤ እውነተኛውን ኬሲሊየስ ግን ለእኛ ያቆዩልን፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ተቀምጠው ያነበቡ ሊቃውንት ናቸው።

በዚያው ፍንዳታ ጊዜ ለልመና የተሰጠ እውነተኛ ምላሽም ተመዝግቧል። ታናሹ ፕሊኒ ለታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ በላከው ደብዳቤ ስለ አጎቱ ይተርካል። አጎቱ በሚሴኑም የነበረው የሮም መርከቦች አዛዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ከተራራው የወጣውን እንግዳ ደመና ሲያይ በቅርብ ሊመረምረው ጀልባ አዘዘ። ሊወጣ ሲል ግን ሬክቲና ከምትባል ሴት አድነኝ የሚል መልእክት ደረሰው። በዚህ ጊዜ ሐሳቡን ለውጦ ሰዎችን ለማውጣት ትልልቆቹን መርከቦች አሰማራ፤ በዚያም ሞተ። በምርምር ጉጉት የተጀመረው ጉዞ በአንድ መልእክት ምክንያት ሌላ ሆነ። ፕሊኒ ግን ይህን ማድረግ የቻለው ሬክቲና በራሱ ዘመን የምትኖር ሰው ስለ ነበረች ነው። እኛ ወደ ፖምፔይ መርከብ መላክ አንችልም።

ታዲያ ማዳን ለማይችል ሰው መቆየት ምን ይፈይዳል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የታየው፣ ቪናይ ፓቴል የጻፈው የፑንጃብ ታሪክ ነው። በዚህ ጊዜ ዶክተሯ ሴት ናት። ያስሚን የተባለችው ወጣት የአያቷን የተሰበረ ሰዓት ምስጢር ለማወቅ ወደ አያቷ ወጣትነት ውሰጂኝ ብላ ትለምናታለች። ዶክተሯ ብታመነታም ትወስዳታለች፤ የደረሱትም በኦገስት 1947፣ ሕንድና ፓኪስታን በሚከፈሉበት ሰሞን ነው። ሙስሊሟ አያት ኡምብሪን ፕሬም የተባለ ሂንዱ ልታገባ ነው። ያስሚን ይህን ሰው በቤተሰቧ ውስጥ ማንም ሲጠራው ሰምታ አታውቅም።

የታሪኩን ዳራ እናስታውስ። ድንበሩን ያሰመረው ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጦ አያውቅም። ለሥራው የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነበር። መስመሩ ይፋ የሆነው ከነጻነቱ በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ የሞቱትም እጅግ ብዙ ናቸው። የአምስት ሳምንት ጥድፊያ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በድራማው ፕሬም በሠርጉ ማግስት እንኳ አይደርስም። ተጓዦቹ ሊያድኑት አይችሉም፤ እርሱ ቢተርፍ ያስሚን አትወለድምና። የሚችሉትን ግን ያደርጋሉ፤ ለሠርጉ ይቆያሉ፣ ዶክተሯ ራሷ ታጋባቸዋለች። ፕሬምን ሊገድሉት የመጡ የመሰሉት እንግዳ ፍጥረታትም ገዳዮች ሳይሆኑ፣ ያለ ምስክር የሚሞቱ ሰዎችን ሞት ቆመው የሚያከብሩ ሆነው ይገኛሉ። ያስሚን ወደ ዘመኗ ስትመለስ ታሪክ እንደ ነበረ ነው፤ አያቷን የምታይበት ዓይን ግን ሌላ ሆኗል። ማንም የማያነሣው ሰው አንድ የሚያውቀው ተገኝቷል።

ይህ ሥራ ያለ ጊዜ መኪናም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ በጉኒታ ሲንግ ባላ የተመሠረተው «የ1947 ክፍፍል መዝገብ» ያን ዘመን ያዩ ሰዎችን ቃል እየሰበሰበ ከ10,000 በላይ ምስክርነቶችን መዝግቧል።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከሰባ አልፏል። በአምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት ነፍስ ያወቀ ሰው ማግኘትማ በጣት የሚቆጠር ሆኗል። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ እነዚህ አረጋውያን ሲሄዱ የሚይዙት የተዘጋጀ መጠይቅና የማስረከቢያ ቀን ነው። አንዲት እናት ስለ መሬት አዋጁ ተጠይቀው፣ በዚያ ዓመት ስለ ሞተባቸው ልጅ መናገር ይጀምራሉ። መጠይቁ ላይ ስለ ልጁ የተጻፈ ነገር የለም። ተማሪው እዚያ ሲደርስ መቅጃውን ያጥፋ ወይስ ይቆይ? አማካሪው መምህርስ አንድ ሳምንት ይጨመርልኝ ሲባል ምን ይመልስ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መምህራን ብዙዎቻችን የዶክተሩን ቦታ ይዘናል። መኪናው በእኛ እጅ ነው፤ የሚለምኑን ተማሪዎቹ ናቸው።

ለመሪው ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የዶክተሩ እምቢታ ጭካኔ አልነበረም። ተመራማሪ ርቀቱን ካልጠበቀ የራሱን ምኞት በሌላው አፍ ያናግራል፤ ባርባራም አዝቴኮችን የወደደቻቸው እርሷ በምትፈልገው መልክ እንዲሆኑላት ነበር። ስለዚህ መቆየት ሥርዓት ያስፈልገዋል። ተናጋሪው የጀመረውን ይጨርስ፤ ቃሉ ከመደምደሚያችን ጋር ባይስማማም እንዳለ ይመዝገብ፤ ስሙ የሚጻፈው በፈቃዱ ይሁን። ይህን የሚጠብቅ ተመራማሪ በኃላፊው ዘመን ላይ እጁን አያነሣም። ቆሞ ያዳምጣል እንጂ።

ባርባራን ዶክተሩ ያጽናናበት መለኪያ አንድ ሰው ነበር። ዶናም የለመነችው ስለ አንድ ሰው ነው። በመመዘኛ ሰንጠረዦቻችን ውስጥ ይህ መለኪያ ቦታ የለውም፤ የምንቆጥረው ገጽና ወር ነው። ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ የተወሰነ ነው። የአረጋውያንን ቃል ለሚሰበስቡ ተማሪዎች የመስክ ጊዜ ሲመደብ ለሁለተኛ ጉብኝት የሚሆን ቀን አብሮ ይመደብ፤ ከመጠይቁ ውጭ የተነገረውም ሳይቆረጥ በፋኩልቲው ይቀመጥ። ለተማሪዎቻችን የምላችሁ ደግሞ፣ መምህሮቻችሁ ሲቸኩሉ ለምኗቸው፤ እምቢ ቢሉም ድገሙት። ፖምፔይ ላይ መሪው የተመለሰው ልመናው ስለ ተደገመ ነው።

 ለጥያቄና ለአስተያየት ዝግጁ ነኝ።