የደበዘዘ የሕፃን ልብስን በቤት ውስጥ ስለ ማቅለም፦ ያልያዘው ቀለም የት ይሄዳል?



የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ታላቅየው የለበሰው ሹራብና ቱታ ለታናሹ ሲደርስ ቀለሙ ደብዝዞ ይገኛል፤ ጨርቁ ግን ገና ጠንካራ ነው። እናት ወይም አያት ቀለም ገዝታ በቤቷ ብትነክረውስ? መልሴ ይቻላል የሚል ነው። ሆኖም በሕፃን ልብስ ረገድ ዋናው ጥያቄ ቀለሙ ያምራል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ጨርቁን ያልያዘው ቀለም የት ይሄዳል የሚለው ነው።

ልብስ የሚደበዝዘው በብዙ ምክንያት ነው። የፀሐይ ጨረር የቀለሙን ሞለኪውል ይሰባብራል፤ በረኪና ኦክሳይድ ያደርገዋል፤ ፍትጊያ ደግሞ የጨርቁን ገጽ አሻክሮ ነጣ ያለ ያስመስለዋል። የሕፃን ልብስ አዘውትሮ ስለሚታጠብና ፀሐይ ላይ ስለሚሰጣ፣ ሳያልቅ ይደበዝዛል።

ሕፃን ልብሱን መልበስ ብቻ ሳይሆን ይጠባዋልም። ቆዳውም ስስ ነው። በዚህ ረገድ ታሪክ ግልጽ ትምህርት ትቶልናል። እ.ኤ.አ. በ1886 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ሰውነታቸው ሰማያዊ መሆኑን ተመልክቶ ምክንያቱን መረመረ። ያገኘው በሽንት ጨርቃቸው ላይ የታተመውን የምልክት ቀለም ነበር። በቀለሙ ውስጥ የነበረው አኒሊን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርግ ነበር። ዛሬ ለልብስ የሚሸጡት ቀለሞች ከዚያ የተለዩ ናቸው፤ ከጨርቁ ጋር ያልተጣበቀ ነገር ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ እንደሚችል ግን ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ቀለም ከጥጥ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማወቅ ይገባል። ቀጥታ ቀለም የሚባለው በደካማ ኃይል ብቻ ስለሚያዝ በታጠበ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው ሪአክቲቭ ቀለም ግን ከጥጡ ሴሉሎስ ጋር ኮቫለንት ትስስር ይፈጥራል፤ የክሩ አካል ይሆናል ማለት ነው። ለጥጥ የሕፃን ልብስ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ፖሊስተር የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ቀለምና እጅግ ከፍ ያለ ሙቀት ስለሆነ በቤት ውስጥ ባይሞከር ይሻላል። የጥጥ ልብስ የተሰፋበት ክር ፖሊስተር ከሆነም ስፌቱ በቀድሞ መልኩ እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ለ250 ግራም ደረቅ ልብስ 5 ሊትር ያህል 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ፣ 250 ግራም ጨውና ለመካከለኛ ድምቀት 5 ግራም ቀለም ይበቃል። ልብሱ አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ እርጥብ እንዳለ ይገባል። ጨው ቀለሙን ወደ ክሩ ይገፋዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ልብሱን ወደ ጎን አድርጎ፣ ለብቻው የሟሟ 50 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ይጨመራል፤ ይህ በወጥ ቤት ካለው ቤኪንግ ሶዳ የተለየ ነው። ትስስሩን የሚያስጀምረው ይህ ነው። እያማሰሉ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይገባል። የቀለሙ ዱቄት ወደ ሳንባ ከገባ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ማድረግ፣ ልጆችን ማራቅ፣ ምግብ በሚሠራበት ዕቃም አለመጠቀም ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ሥራው ተጠናቀቀ የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ለሕፃን ግን ገና እኩሌታው ነው። ቀለሙ ከጥጡ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውሃውም ጋር ይጣመራል። ከውሃ ጋር የተጣመረው ከክሩ ጋር ሊተሳሰር ስለማይችል በጨርቁ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ሕፃኑ እጅጌውን ሲጠባ የሚወጣው ይህኛው ነው። ስለዚህ ልብሱ በቀዝቃዛ ውሃ ጨውና ሶዳው እስኪወጣ ይለቅለቃል፤ ከዚያም ለመፍላት በተቃረበ ውሃና በሳሙና ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። በመጨረሻም እርጥቡን ልብስ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር ነው። ጠዋት ነጩ ጨርቅ ቀለም ከነካው ልብሱ እንደገና ይታጠባል እንጂ ለሕፃኑ አይለብስም።

ይህ ፈተና ግን ወሰን አለው። ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ይነግረናል፤ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ አይነግረንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ካንሰር አምጪ አሮማቲክ አሚኖችን የሚለቁ የአዞ ቀለሞችን ቆዳ በሚነካ ጨርቅ ላይ ገድቧል፤ ጣራውም በኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይን መለየት አይቻልም። ስለሆነም አክርማ ወደ አለላ የሚለወጥበትን፣ በገበያ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስም የለሽ ዱቄት ለሕፃን ልብስ መጠቀም አይገባም። ለሰፌድ የተስማማ ቀለም ለአፍ ይስማማል ማለት አይደለም። የዓይነቱ ስም ያልተጻፈበት ቀለም ከተገኘ፣ የደበዘዘው ልብስ እንደ ደበዘዘ ቢለበስ ይሻላል። መደብዘዝ ሕፃኑን አይጎዳውምና።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምጠብቀው ይህ ነው፦ የቀለሙን ዓይነት፣ መጠኑንና አስተጣጠቡን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በግልጽ የሚያስረዳ ጽሑፍ በየእሽጉ ላይ እንዲለጠፍ በሙያችሁ ትጉ። እናት ላቦራቶሪ ስለሌላት፣ በእጇ ያለው ብቸኛ መመርመሪያ ያ ጽሑፍ ነው።