ለ50 ዲግሪ የተሠራ ቴሌስኮፕ በ9 ዲግሪ አገር



ሰማይን ለግል ደስታው ወይም ለተማሪዎቹ ሲል የሚመለከት ሰው ከውጭ አገር የመጣ ቴሌስኮፕ ሲደርሰው በመጀመሪያው ምሽት የሚገጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የመስተዋቱ ወይም የሌንሱ አይደለም፤ የመሸከሚያው ነው። ቴሌስኮፑ ከከዋክብት ጋር እኩል እንዲዞር የሚያደርገው ይህ ክፍል ዋና ዛቢያው ወደ ሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ ማመልከት ይኖርበታል። ዋልታው ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ደግሞ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ ይኸውም በለንደን 51 ዲግሪ ተኩል፣ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ብቻ። በገበያ ላይ ካሉት መሸከሚያዎች ብዙዎቹ ግን ከ20 ዲግሪ ግድም በታች አይወርዱም። ሠሪዎቹ ያሰቡት የአገራቸውን ገዥ ነውና አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ሳተርን በመቶ እጥፍ ጎልቶ ሲታይ በሁለት ደቂቃ ገደማ ከእይታ ይወጣል፤ ተመልካቹ ዛቢያውን እያዞረ ሊከተለው ቢሞክርም ወደ ጎን ይሸሽበታል፤ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁት ልጆች ባዶ ጨለማ አይተው ይመለሳሉ። በማግሥቱ መሣሪያው «ተበላሽቷል» ተብሎ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል።

የተበላሸ ነገር ግን የለም፤ የጎደለው 6 ሳንቲ ሜትር እንጨት ነው። ዛቢያው 20 ዲግሪ ላይ ከቆመ ለአዲስ አበባ 11 ዲግሪ መውረድ አለበት። ይህንንም በመሸከሚያው ራስና በእግሮቹ መካከል የሚገባ ሽብልቅ ይፈጽመዋል። የሽብልቁ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የደቡቡ ጫፍ ከሰሜኑ በ5.8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ለመቀሌ 3.4፣ ለሞያሌ 8.9 ይሆናል። ጎበዝ አናጢ ከደረቀ ዋንዛ ሊያወጣው ይችላል፤ ተደራርቦ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶም ያገለግላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ይበልጥ ያናድዳል። ዛቢያው አግድም ሊተኛ ጥቂት ሲቀረው፣ ሚዛን የሚጠብቀው ክብደት የተሰካበት ዘንግ ወደ ታች ሲዞር ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ስለሆነም ወደ ሰሜን አንድ እግር ከማቆም ይልቅ ሁለቱን እግሮች ግራና ቀኝ ከፍቶ ዘንጉን በመካከላቸው ማሳለፍ ይሻላል፤ ወደ ሰሜን ያጋደለውንም ክብደት ይደግፋሉ። ያም ካልበቃ ቶርኖ ቤት የተዘጋጀ አጭር የብረት ቱቦ ከሽብልቁ በታች ይጨመራል።

ሰሜንን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሰሜን ኮከብ በ9 ዲግሪ ከፍታ ላይ በጭስና በጉም ይደበዝዛል፤ ከእንጦጦ ግርጌ ለቆመ ሰው ደግሞ ተራራው ይጋርደዋል። ኮምፓስም ከብረት መሸከሚያ አጠገብ አይታመንም። የሚታመነው በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በቀትር የሚጥለው ጥላ ነው። ይሁንና የአዲስ አበባ ትክክለኛ ቀትር እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ድረስ ይለዋወጣልና ሰዓት ብቻ አይቶ ስድስት ላይ መስመር የሚያሰምር ይሳሳታል። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ፀሐይ በራስ አናት ስለምታልፍ ጥላው ይጠፋል፤ በእነዚህ መካከል ባለው ጊዜም የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ይህንን ከውጭ አገር የመጣው የአጠቃቀም መመሪያ አያነሣውም። መስመሩን በበጋ አስምሮ ሁለት ችካል መቸከል ለዓመታት ይበቃል።

ስለ ሞተሩም አንድ ነገር መነገር አለበት። ከአሜሪካ በመጡ አሮጌ መሣሪያዎች ላይ ያለው፣ በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር የሚገናኘው ሞተር ለ60 ሳይክል የተሠራ በመሆኑ በኢትዮጵያው 50 ሳይክል ላይ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሳይክሉን አይለውጥም።

ይህን ሁሉ ጣጣ የማይሻ ጆን ዶብሰን ያስፋፋውን መንገድ ይከተላል። በሳን ፍራንሲስኮ መነኩሴ የነበረውና በ2014 እ.ኤ.አ. ያረፈው ይህ ሰው ቴሌስኮፑን ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ በሚዞር የኮምፔንሳቶ ሣጥን ላይ አስቀመጠው፤ ሣጥኑ ኬክሮስ አይጠይቅም። ነገር ግን ቀጥታ ወደ ራስ አናት ሲያይ ወደ ጎን ማዞሩ ያስቸግራል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት በዚያው በአናት አካባቢ ነው። ስለዚህ ባለ ሣጥኑ ተመልካች ጁፒተርን አናት ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያሳያል።