ለደመራው ማታ ካሜራችንን እናዘጋጅ

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዘመን መለወጫና መስቀል እየደረሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሥራችን ተበታትነን ስንኖር፣ ሁላችንም አንድ ላይ የምንቆመው መስከረም 16 ቀን፣ በደመራው ማታ ነው። ወርኃዊው ስብሰባ ላይ መምጣት የሚከብዳቸው እናቶቻችን እንኳ በዚያ ምሽት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው ይወጣሉ። በማኅበራችን አልበም ውስጥ ሁሉም ሰው ያለበት ፎቶ የሚገኘውም ከዚያ ማታ ነው።

በዚህ ዓመት በሞት የተለዩን እናታችን ልጆች ለሐዘኑ ድንኳን የሚሆን ፎቶ ፈልገው ወደ ማኅበሩ መጥተው ነበር። አልበሙን አብረን ገለጥን። እማማ በሦስት ዓመት የደመራ ፎቶዎች ውስጥ አሉ። በአንዱ ነጠላቸው ነጥቶ ፊታቸው ጠቁሯል፤ በሌላው ሁሉም ነገር ደብዝዟል፤ በሦስተኛው የሚታየው እሳቱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ከመታወቂያቸው ላይ ጉርድ ፎቷቸው እንዲተልቅ ተደረገ። ዛሬ ስለ ካሜራ የምንነጋገረው ለዚህ ነው።

ማኅበራችን ያላት ካሜራ ትንሽ፣ በእጅ ቦርሳ የምትያዝ ናት። ሌላ ለመግዛት ከመዋጯችን ላይ ማውጣት አያስፈልገንም። ቀን ጥሩ የምታነሳ ካሜራ ማታ የምታስቸግረው ብርሃን ስለሚያንሳት ነው። ሒሳብ ለምንይዝ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ የቀን ገቢ ሲያንስ ያንኑ ገንዘብ ለማጠራቀም ብዙ ቀን ይፈጃል። ካሜራዋም ቀን በሰከንድ መቶኛ የምትሰበስበውን ብርሃን ማታ ለመሰብሰብ ግማሽ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሰከንድ ትፈልጋለች። በዚያ መካከል እጃችን ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ የማታ ፎቶ ዋናው ነገር ለካሜራዋ ጊዜ መስጠትና በዚያ ጊዜ እንዳትነቃነቅ ማድረግ ነው።

ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያላት ታምጣ። ከሌለን አንድ ኪሎ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት እንሙላና አፉን እንስፋው። ከረጢቱን አጥር ወይም የመኪና ጣሪያ ላይ አስቀምጠን ካሜራዋን ብናስደግፍባት ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። ቁልፉን ስንጫን እንዳትናወጥም ሁለት ሰከንድ ቆጥራ ራሷ እንድታነሳ እናድርጋት። ይህ የሰዓት ምልክት ያለበት ምርጫ ነው። ዙም አንጠቀም፤ ዙም ሲሳብ የሚገባው ብርሃን ያንሳል፣ መንቀጥቀጡም ይጎላል።

ፍላሽን በተመለከተ፣ የትንሽ ካሜራ ፍላሽ የሚደርሰው ሦስት ወይም አራት ሜትር ያህል ነው። ከሩቅ ሆነን ደመራውን ስናነሳ ፍላሹ የሚያበራው ከፊታችን የቆመውን ሰው ጀርባና ጭሱን ብቻ ነው። እሳቱን ስናነሳ እናጥፋው።

አሁን ወደ እናቶቻችን ፊት እንምጣ። ልማዳችን ሰውን በእሳቱ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ማቆም ነው። እንዲህ ሲሆን ካሜራዋ እሳቱን አይታ ብርሃን የበዛ ይመስላታል፣ ፊቱንም ታጠቁረዋለች። እናዙራቸው። እናቶቻችን ወደ እሳቱ ይዩ፣ የምታነሳዋ ደግሞ በጎን በኩል ትቁም። ያን ጊዜ የደመራው ብርሃን ራሱ ፊታቸውን ያወጣዋል። ሰውም እሳትም አብረው እንዲታዩ ከፈለግን የሰው ሥዕልና ኮከብ ወይም ጨረቃ ያለበትን ምርጫ እንውሰድ። እሱ በፍላሹ ቅርብ ያለውን ሰው ያበራና ከኋላ ያለው እሳት እስኪገባ ይቆያል። ስለዚህ ፍላሹ በርቶ ከጠፋ በኋላም ማንም እንዳይንቀሳቀስ ጮክ ብለን እስከ ሦስት እንቁጠር።

የነጠላውንም ነገር አንርሳ። ፎቶውን ነጭ ልብስ ሲሞላው ካሜራዋ ብርሃን በዝቷል ብላ ሁሉንም ታጨልማለች፤ የሚጎዳው ፊት ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነን ወደ መደመር አንድ ብናደርገው ፊቱ ይወጣል። እሳቱን ብቻ ስናነሳ ደግሞ ወደ መቀነስ አንድ እናድርገው፤ ነበልባሉ ነጭ ሆኖ ከመቅረት ይድናል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በአገራችን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከጥሩ ፎቶዎች ብዙዎቹ የሚገኙት በዚያች ጊዜ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሳለ ነው። ሁሉንም ቀድመን አዘጋጅተን እንጠብቅ። ነፋሱ ከጀርባችን እንዲመጣ ሆነን ከቆምን ጭሱ ወደ እኛ አይመጣም።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከትላልቅ ሆቴሎች ሰማይ ላይ የሚተኮሰውን ርችት ማንሳት ለምትፈልጉ፣ ብዙ ካሜራዎች የርችት ሥዕል ያለበት ምርጫ አላቸው። ከሌለ ፍላሹን አጥፍተን፣ የተራራውን ምልክት መርጠን፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቁጥር 100 ላይ አድርገን፣ ካሜራዋ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ክፍት እንድትቆይ እናድርግ። ለዚህ ሁለት ሰከንድ መቁጠሩን እናጥፋውና፣ ከረጢቱ ላይ እንዳለች፣ ርችቱ ሽቅብ ሲወጣ ቀስ ብለን እንጫን፤ ሲፈነዳ እንይዘዋለን። የመጀመሪያዎቹን አናሳልፍ፤ ቆየት ሲል ሰማዩን ጭስ ይሞላዋል። ከታች የቤት ጣሪያ ወይም ዛፍ ቢገባበት ከፍታው ይታወቃል። ካሜራዋ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ጥቂት ብትዘገይ ሥራዋን እየጨረሰች ስለሆነ አናጥፋት።

ካሜራዋን ከእጅ ሳንለይ ማንሳት ግድ ሲሆን ያንኑ ቁጥር ወደ 800 ከፍ እናድርግ። ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይበዛል፤ ግን ፊት ይታያል። ልጆቻችን ችቦ ይዘው ሲሮጡ ፎቶ አንሺዋ ዓይኗ ካሜራው ላይ ስለሚሆን ሌላ አባል አጠገቧ ትቁምላት። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ፍላሽ አናብራ።

ከበዓሉ በኋላ ፎቶዎቹ ካሜራው ውስጥ እንዳይቀሩ እናሳጥባቸው። ከጀርባቸው የእያንዳንዱን ሰው ስምና ዓመተ ምሕረቱን እንጻፍ። አንድ ቅጂ በአልበሙ ይቀመጥ፣ አንድ ቅጂ ለባለቤቷ ይሰጥ። እያንዳንዷ እናት ፊቷ በደንብ የሚታይበት አንድ ፎቶ በቤቷ እንዲኖራት እንፈልጋለን።

ከዛሬ ጀምሮ ካሜራዋ በተራ ትዙር። እያንዳንዳችን ማታ መብራት አጥፍተን፣ ጧፍ አብርተን፣ የቤታችንን ሰው እያነሳን እንለማመድ። በጧፍ ብርሃን ፊት ያወጣች እጅ በደመራው አትቸገርም። ባትሪውን መሙላት ግን የመጨረሻዋ ተረኛ ኃላፊነት ነው።

ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርሰን።