የንጉሡ እንግዳና የደራሲው ብዕር
(ጉለሌ ላይ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በባዕድ ቤተ መንግሥት የተገኘ ፈረንጅ ለምዕራብ ደራስያን የማያልቅ ሲሳይ ሆኖ ኖሯል። ባለታሪኩ በመርከብ ወይም በበቅሎ ይመጣል፤ ንጉሡ አንድ ቀን ደግ፣ አንድ ቀን ጨካኝ ነው፤ ከእልፍኙ መጋረጃ በስተጀርባ አንዲት ውብ ሴት ብቅ ትላለች፤ እንግዳውም ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ይገኛል። መልኩ ከባንኮክ እስከ መቅደላ ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጉለሌ ላይ መነጋገርም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ለወጣ ሰው የሚገኘው የእንጦጦ ቤተ መንግሥት፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው ያ ትሑት ቤት፣ አያሌ ፈረንጆች ጉዳያቸውን ይዘው ደጅ የጠኑበት ስፍራ ነው።

ደራሲን ታሪክ ጸሐፊ ሁን ብሎ የሚያስገድደው የለም። ቀን ቢያዛውር፣ ሁለቱን ሰው አንድ ቢያደርግ፣ ያልነበረ በቅሎ ነጂ ቢፈጥር ይቅር ይባልለታል። የሚከብደው በስሙ የታወቀና ተነሥቶ ሊከራከር የማይችል ሙት ላይ ያልሠራውን ግፍ ወይም ያልተመኘውን ምኞት የጫነ እንደ ሆነ ነው።

የሲያም ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አና ሊዮኖወንስ እ.ኤ.አ. በ1862 ባንኮክ ገብታ የንጉሥ ሞንግኩትን ልጆች እንግሊዝኛ እያስተማረች አምስት ዓመት ያህል ቆየች። ከዚያ ከወጣች በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ አንዲት የቤተ መንግሥት ወጣት ከወዳጇ ጋር በእሳት እንደ ተቃጠለች ተረከች፤ ይህን የሚደግፍ ሌላ መረጃ የለም። ማርጋሬት ላንደን በ1944 ታሪኩን በልብ ወለድ መልክ አሳተመችው፤ በ1951 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ በዘፈን የታጀበ ተውኔት ሆነ። ታይላንድ ከዚህ የመነጩት ፊልሞች በአገሯ እንዳይታዩ ከለከለች። እውነተኛው ሞንግኩት ግን ከመንገሡ በፊት 27 ዓመት በምንኵስና የኖረ፣ እንግሊዝኛና ላቲን የተማረ፣ በኦገስት 1868 የታየውን የፀሐይ ግርዶሽ አስቀድሞ ያሰላ ሰው ነበር። ስሌቱን በዓይኑ ለማረጋገጥ ወደ ደቡብ ወርዶ ሳለ ወባ ያዘው፤ በዚያው በሽታ ሞተ። እንዲህ ያለ አሟሟት ያለውን ንጉሥ ትቶ በዳንስ የሚሽከረከር ንጉሥ የፈጠረ ደራሲ የከሰረው ኪሳራ ቀላል አይደለም።

በዚያው በፈረንጆቹ 1868 መቅደላ ወደቀች፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ። ብሪታንያዊው ጆርጅ ማክዶናልድ ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ልብ ወለድ ፍላሽማን የተባለውን ፈሪና ሴሰኛ መኰንኑን ወደዚህ ዘመቻ ያመጣዋል። ሰውዬው ለናፒየር ጦር የማርያ ቴሬዛ ብር ያደርሳል፤ ከዚያም ወደ ወሎ ንግሥት ይላካል። በመጽሐፉ መጨረሻ የተጨመሩት ማስታወሻዎች ትጋት የሚታይባቸው ናቸው፤ የብሩም ነገር እውነት ነው፣ ጦሩ በአገሩ እህልና ከብት የሚገዛው በዚያ ብር ነበርና። ወደ ሴቶቹ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ትጋት ይከዳዋል። ንግሥቲቱም መሪዪቱም የእንግዳውን ምኞት ለመቀስቀስ የቆሙ ይሆናሉ። መጽሐፉ ባለታሪኩን ራሱን እንደሚያፌዝበት የሚክድ የለም፤ ሆኖም በፌዝም ቢሆን የሚያየው ዓይን አንድ ብቻ ነው።

በታሪክ የሚታወቁት የወሎ ወይዛዝርት ወርቂትና መስታወት ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ሥልጣን የሚፎካከሩ ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ለ10 ዓመት ያህል ከተያዙበት ከመቅደላ አምልጠው በወይዘሮ ወርቂት ግዛት ሲያልፉ፣ የወይዘሮዋ ልጅ አመዴ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር። እናቲቱ በአንድ እጃቸው የሸዋን አልጋ ወራሽ ይዘው፣ በሌላው የልጃቸውን ነፍስ ይመዝኑ ነበር ማለት ነው። ልጁ ተገደለ፤ ምኒልክም ወደ ሸዋ አለፉ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ የናፒየር ጦር ሲመጣ ወሎ ለምን ለቴዎድሮስ እንዳልቆመ ለማወቅ የሚሻ ደራሲ መነሻው ይኸውለት። የፍቅር ጀብዱ አልጐደለውም፤ የጐደለው ይህ ነበር።

የእኛም ደራስያን ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ ቴዎድሮስን ከጨካኝነት ስም አውጥተው የአንድነት አርአያ አድርገዋቸዋል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የንጉሡ ምስል በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እየገዘፈ በሄደ መጠን በአጠገባቸው የነበሩት ፈረንጆች በአንድ ቀለም ብቻ ወደ መቀባት አዘነበሉ። ለንጉሡ ሲዋጋ የወደቀው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ በአገሩ ስሙ ጆን ቤል፣ ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጁ የጋፋቱን ሠራተኛ ቫልድማየርን አግብታ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በተሠራበት መንደር በዚህ ቤት ማታ ማታ በየትኛው ቋንቋ ይወራ ነበር? ጥያቄው ደራሲ እስኪያነሣው ይጠብቃል።

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ። በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ፣ ቅኔ መጻፉን ከተወ አሥር ዓመት ያለፈው የ32 ዓመት ፈረንሳዊ፣ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ መጣ። የጠመንጃው ዓይነት ያለፈበት ነበር። ምኒልክም በጨለንቆ ድል አድርገው፣ ሐረርን ይዘው፣ የአሚሩንም መሣሪያ ማርከው መመለሳቸው ነበር። ስለዚህ ዋጋውን ቀነሱ፤ ከሞተው ሸሪኩ ከላባቱ ይፈለግ የነበረውን ዕዳ ቈረጡ፤ ቀሪውን ሐረር ላይ ከመኰንን እንዲቀበል አዘዙ። ነጋዴው በደብዳቤዎቹ ኪሳራውን አብዝቶ አማረረ፤ ግራሃም ሮብ የተባለው የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ሒሳቡን መርምሮ ሰውዬው እንደሚለው አልከሰረም ብሏል። ተንኰለኛ የምሥራቅ ንጉሥ የሚሻ ልብ ወለድ ጸሐፊ በዚህ ውስጥ ክፋትን ያያል። ሰነዱ የሚያሳየው ግን ዕቃውን የሚያውቅና ገበያ የሚያውቅ ገዢን ነው።

በራምቦ ላይም ግፍ ተሠርቷል። ኤኒድ ስታርኪ እ.ኤ.አ. በ1937 በባሪያ ንግድ ተሳትፏል ብላ ጻፈች፤ ማሪዮ ማቱቺ በ1962 ማስረጃው ክሱን እንደማያቆመው አሳየ። ክሱ ለልብ ወለድ ስለሚጣፍጥ ግን አልሞተም። እውነቱ ከሁለቱም ወገን አይስማማም፤ ራምቦ ሁለት ባሮች እንዲገዛለት የምኒልክን ባለሟል ስዊሳዊውን አልፍሬድ ኢልግን ጠይቆ ነበር፤ ኢልግ እንቢ አለው። ነጋዴ ሆኖ በባሪያ ያልነገደ፣ ባሪያ ለመያዝ ግን ያላፈረ ሰው ነው እንግዲህ። ይህን ያህል የተሳሰረ ጠባይ ከሰነድ ካገኘ ደራሲ ሌላ ክፋት መፍጠር ምን ያደርግለታል? (ሐረር ውስጥ ለጐብኚ የሚታየው «የራምቦ ቤት»ም እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው።)

ፈጠራ የሚገባበት በር ግን አለ፤ በዚያው የንግድ ጉዞ ውስጥም ይገኛል። ላባቱ ሸዋ ውስጥ ኢትዮጵያዊት ሚስት ነበረችው። ራምቦ በዓደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል በጻፈው ደብዳቤ እንደሚለው፣ ባለዕዳ ነህ የሚሉት ሁሉ ሲያጣድፉት፣ በዚህች መበለት ቤት ሟቹ ትዝታውን የጻፈባቸውን 34 ደብተሮች አገኘ፤ እየረገመችውም አቃጠላቸው። በገጾቹ መካከል የንብረት ሰነዶች እንደ ነበሩ በኋላ ተነገረው።

በዚያ ደብተር ውስጥ ስለ ሸዋ ቤተ መንግሥት ምን ተጽፎ እንደ ነበር፣ ሴትዮዋ ለየትኛው ዳኛ አቤት እንዳለች፣ በምንስ ቃል እንደ ረገመችው፣ ሰነዱ ከተቃጠለ በኋላ ቤትና መሬቷን እንዴት አድርጋ እንደ ተከራከረች፣ ሰነድ የማይመልሰው ይህ ሁሉ ለልብ ወለድ የተተወ ነው። ስለ ራምቦ በየቋንቋው የጻፉት ሰዎች ጭሱን አልፈው ወደ ቅኔው ሄዱ። በደብዳቤው ውስጥ እርስዋ የምትጠራው የላባቱ መበለት ተብላ ብቻ ነው።