ስለ ረጅም መንገድ ሩጫና ስለ ሥራ አንድነት የተነገረ ቃል



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ነገሬም የሥራ ሰዎች በአንድነት ጸንተው ይኖሩ ዘንድ ከረጅም መንገድ ሯጮች ምን ይማራሉ የሚል ነው።

ሯጭ ብቻውን የሚሮጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ. ም. በቪየና ከተማ የኬንያው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የማራቶንን መንገድ በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲፈጽም፥ 41 ሯጮች እየተፈራረቁ ነፋሱን ጋረዱለት። ከነርሱም አንዱ በርናርድ ላጋት ራሱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ነው። ሩጫው በእንዲህ ያለ ርዳታ ስለ ተፈጸመ ከዓለም ሬኮርድ አልተቈጠረም፤ ትምህርቱ ግን አይጠፋም። በሥራ ቤትም ነፋሱን ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ቢቀበል ቶሎ ይደክማል፤ በተራ ሲሆን ግን የሁሉ ጉልበት ይቈያል።

ሁለተኛው ምሳሌ የአገራችን ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ. ም. በአቴና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፥ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ተሰለፉ። ኃይሌ አስቀድሞ በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እግሩን ታሞ ነበርና ወደ ኋላ ቀረ። ሁለቱም ወደ ኋላ እየተመለከቱ ርምጃቸውን ቀነሱለት። ሊከተላቸው አለመቻሉን ባዩ ጊዜ ግን ወደ ፊት ገሠገሡ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ሁለተኛ፥ ኃይሌም አምስተኛ ሆነው ፈጸሙ። እንግዲህ መጠበቅም መገሥገሥም በአንድ ሩጫ ታዩ።

እኔ ይህን የምናገረው ከራሴ በደል ተምሬ ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት የሠራተኞች አለቃ በነበርሁ ጊዜ፥ መጻሕፍት የሚጠርዙ አንድ ሽማግሌ እጃቸው ዘገየ። እኔም ሳልጠይቃቸውና ሳልጠብቃቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወርኋቸው። ጥቂት ወራት ሳይቈይ መጻሕፍቱ ስፌታቸው እየተፈታ ይመለሱልን ጀመር፤ ጐልማሶቹን የሚያርም ዐይን ጠፍቶ ነበርና። ከዚህም የባሰው፥ ሌሎቹ የሽማግሌውን ዕጣ ስላዩ ደከመን ማለትን ፈሩ። ድካም የሚሸሸግበት ማኅበር ግን በድንገት ይወድቃል።

በመጨረሻ ከቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ። እርሳቸውም «ልጄ፥ መርፌውን ከእጄ ሳትወስድ ለማን ላስረክበው ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ስለዚህ በሰው ላይ የተሾማችሁ ሁሉ፥ የደከመውን ዘወር ብላችሁ እዩት፤ ጥቂትም ጠብቁት። መሮጥ የማይችል እንደ ሆነ ሥራው ይቀጥል፤ ነገር ግን ያወቀውን ሳያስረክብ፥ ክብሩም ሳይጠበቅለት አይሰናበት። ዛሬ የሚፈጥነውም ነገ ይዘገያልና፥ ለሌላው ያደረጋችሁትን አይቶ በልቡ ይይዘዋል።