ዓባይ ብቻውን አልመጣም

ዓባይ ከየት ይነሳል ስትባሉ ሰከላን፣ ግሽ ዓባይን ትጠራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ወንዙ እዚያ አላለቀም። ከጣና ይዞት የሚወጣው ውሃ፣ ድንበር ላይ ከሚደርሰው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሌላውን የሚሞሉት ገባሮቹ ናቸው፦ በሽሎ ከወሎ፣ ጀማ ከሸዋ፣ ሙገርና ጉደር፣ ዴዴሳና ዳቡስ ከምዕራብ፣ በለስ ከመተከል። ጉባ ላይ የቆመው ግድብ የያዘው የእነዚህን ሁሉ ውሃ ነው።

ታዲያ "ዓባይ የኛ ብቻ ነው" ለሚላችሁ ካርታውን አሳዩት! የወሎ ተራራ ሲራቆት፣ የሸዋ ማሳ በጎርፍ ሲታጠብ፣ ደለሉ የሚተኛው እዚያው ግድብ ውስጥ ነው። ባንዲራ ማውለብለብ ብቻውን አይበቃም። በየአካባቢያችሁ ያለችውን ገባር ስሟን እወቁ፣ ዳርቻዋ ላይ ዛፍ ትከሉ፣ እርከን ሥሩ። ዓባይን መጠበቅ ማለት እሱ ነው።